ወረቀቱ ስለ ትኩሳት ምን ይላል?

ትናንት ከሰዓት፣ ደሴ ፒያሳ፣ አንድ መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆሜ ልጄን «ወረቀቱ ምን ይላል?» አልኩት።

ሐኪሙ ያዘዘልኝን ክኒን ገዝቶልኝ መውጣቱ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት መጀመሪያ እኔ ተቀብዬ ሞከርኳት፤ ፊደሏ ደቃቅ ሆና ለዓይኔ አልታይ አለችኝ። እሱ ገለጥ አደረጋት፣ ዓይኑ እንግሊዝኛው ላይ ቁልቁል ወረደ... ከዚያ እንደነበረች አጥፎ ኪሱ ከተታት።

«ምንም አይልም አባ። ከምግብ በኋላ ይወሰድ፣ ውሃ ይጠጣ ነው የሚለው።»

ይህን ነገር ቃል በቃል አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ ለአባቴ የነገርኩት እኔው ነኛ!

ያኔ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር። እኔ ወጣት መምህር፣ አባቴ ልብስ ሰፊ። ካንሰር ደሙ ውስጥ እንዳለ አዲስ አበባ የመረመሩት ሐኪም ለእኔና ለአጎቴ ለእንድሪስ ለብቻችን ነገሩን። ስለ መድኃኒቱ ብዙም አላስረዱንም፤ ደጅ ላይ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ መአት ነበር። አጎቴ ቢስቲማ ከተማ ወዳለው ቤቱ ከመመለሱ በፊት አስማለኝ።

«ስሙን ከሰማ በበሽታው ሳይሆን በስሙ ነው የሚሞተው። ወላሂ፣ ከአፍህ ካወጣሃት አልተያየንም!»

ለአባቴም ለእናቴም «ደም ማነስ ነው» አልናቸው። ሁሉም ቤት የሚደረገው እንዲህ ነበር... ዛሬስ ቢሆን?

ክኒኑ የምሥራቅ ጀርመን ነው፤ ወረቀቱም በጀርመንኛ። ሰፈራችን ውስጥ እዚያ አገር የማሽን ጥገና ተምሮ የመጣ ሰይድ የሚባል ሰው ነበር፤ «ጀርመኑ» ነው የምንለው። ወስጄ አስነበብኩት። ያቅለሸልሻል አለ፣ አፍ ያቆስላል፣ ጠጉር ያረግፋል... እያለ ሄዶ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይቺን ልብ በል። ሰውነት በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል ይላል። ትኩሳት ከጀመራቸው ማደር የለም፤ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት! ለአባትህ ንገራቸው።»

«እሺ» አልኩ።

ቤት ስገባ አባቴ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «ጀርመኑ አነበበልህ? ምን ይላል?»

ጠጉር ያረግፋል ብዬ ብነግረው «የደም ማነስ መድኃኒት ጠጉር ያረግፋል እንዴ?» ሊለኝ ነው። አንዱን ክር ከሳብኩት ሁሉም ይተረተራል። እናም ዋሸሁ።

«ከምግብ በኋላ ይወሰድ፣ ውሃ ይጠጣ ነው የሚለው። ሌላ ምንም አይልም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

አባቴ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ያምናል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቀን አሥር ኩባያ ውሃ በሙስበሃው ዶቃ እየቆጠረ ይጠጣ ጀመር። ቁጥሩን እንኳ እኔ አላልኩትም... ራሱ ነው የወሰነው።

ትንሽ ቆይቶ ጢሙ መርገፍ ጀመረ። በሰፈሩ የሚታወቅበት ያ ሽበታም ጢሙ ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ ይገኛል።

«ወረቀቱ ስለ ጢም የሚለው አለ?» አለኝ አንድ ቀን።

«የለም።»

«እንግዲያ ወንጀሌ ነው» አለ። ምን በድዬ ይሆን እያለ ሲጨነቅ ከረመ። ፊቱን በሻሽ መጠቅለል ጀመረ፤ ጁምዓ እንኳ መስጊድ መሄዱን ተወ።

ከዚያ ደሴ ለመምህራን የፖለቲካ ትምህርት ተጠራሁ። ሦስት ቀን ነው፤ መቅረት የለም፣ የቀረ «አድኃሪ» ነው። ስወጣ ለእናቴ «ትኩሳት ከያዘው...» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ለምን?» ብትለኝስ ብዬ ዋጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ከአውቶቡስ ወርጄ ሰፈር ስደርስ በራችን ላይ ጫማ ሞልቷል። ጠዋት ሞቶ ቀትር ላይ ቀብረውታል፤ የላኩብኝ ሰው መንገድ ላይ ተላልፎኛል።

«በሄድክ ማግስት አተኮሰው» አለችኝ እናቴ። «ወባ ነው ብለን ክሎሮኪን ሰጠነው።»

ኮምቦልቻ ላይ ትኩሳት ማለት ወባ ነው። ሌላ የሚያስብ ሰው የለም።

«አልበረደለትም። መድኃኒቱ ይሆን እንዴ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኩት። እንቢ አለኝ። ‹ልጄ ወረቀቱን አንብቦልኛል፤ ስለ ትኩሳት አንድም ነገር የለበትም፣ ወባ ነው፣ ይለቀኛል› አለኝ... ውሃውን ግን እስከ መጨረሻው ጠጣ።»

አጎቴ እንድሪስ እያለቀሰ አቀፈኝና ጆሮዬ ላይ «አልሐምዱሊላህ፣ ስሙን ሳይሰማ ሄደ» አለኝ። ያን ቀን አጎቴን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። ከራሴ በስተቀር።

ይኸው ትናንት ፒያሳ ላይ፣ የራሴ ልጅ ከፊቴ ቆሞ እጁን ኪሱ ውስጥ ጨብጧል። እኔን «ትንሽ ዕጢ ናት፣ በክኒን ትጠፋለች» ነው ያሉኝ።

«ወረቀቷን አውጣት» አልኩት።

«አባ፣ ምንም አይልም አልኩህ እኮ...»

«ትኩሳት የሚለው ጋ አንብብልኝ።»

ፊቱ ልውጥ አለ። ወረቀቷን ከኪሱ አወጣት። «እንዳለበት በምን አወቅክ?» አለኝ።

በሽታ በዘር ይተላለፋል ሲሉ እሰማለሁ... እኛ ቤት ግን የተላለፈው ውሸቱ ነው።