የተሳቢ ከመነዳሪ

አባቴ ጎሚስታ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደሴ መንገድ ዳር ላይ፣ የተነፈሰ ጎማ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። ቴኳንዶ መጀመሬን ስነግረው "ይሁን" አለና ጎማውን መፍታት ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለ ላስቲክ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቀኝ እግሬ ከሰው ደረት በላይ አልወጣ አለ። የዞኑ ውድድር ደግሞ ደርሷል። በእኔ ክብደት የምትሄደው አንዲት ሴት ናት፤ ተፎካካሪዬ ከመዘዞ የመጣች ረጅም ልጅ ነበረች። እሷ የሰው ጭንቅላት ለመምታት መንጠራራት እንኳ አያስፈልጋትም። እኔ ካልተመረጥኩ ልተወው ለራሴ ምዬ ነበር።

አሰልጣኛችን "በላስቲክ ሥሪ" አለኝ። አንዱ ጫፍ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ሌላው ምሰሶ ላይ ይታሰርና እግርን ወደ ኋላ ሲጎትት እየታገሉ መምታት ነው። ሱቅ የሚሸጠውን ያየሁት በስልክ ብቻ ነው። አባቴ ከተጣለ የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ በሁለት ጣት ስፋት ቆርጦ ሰጠኝ።

"የኛ አገር ብርድ ያደርቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እቀይርልሻለሁ" አለ።

በየጠዋቱ ግቢያችን ካለው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጋር ታስሬ ስማታ ጎረቤታችን በአጥር አሻግረው "ምነው ልጄ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?" ይሉኛል። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር። በሁለተኛው እግሬ ዝቅ አለ። በሦስተኛው ወገብ ላይ ቀረ። በልምምድ የሚብስበት ሰው ከራሴ ሌላ አላውቅም። ለአባቴ "ላስቲኩ ከበደኝ" ብለው አገላብጦ አየውና "ያው ነው" አለኝ። የዚያን ዕለት ብርድ ልብስ ተከናንቤ አለቀስኩ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ የቀየረልኝ ደግሞ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ።

የምርጫው ቀን አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሱቁን ሲዘጋ ያየሁት ለለቅሶ ብቻ ነው። በቱታው እንዳለ የልምምድ አዳራሹ በር ላይ ቆመ።

የመዘዞዋ ልጅ አሰልጣኙ የያዘላትን መምቻ ፓድ ጥሩ አድርጋ መታች። ተራዬ ሲደርስ አሰልጣኙ ፓዱን በራሱ ጆሮ ትክክል ያዘልኝ። ሳልታሰር ስመታ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። እግሬ ፓዱን አልፎ የአሰልጣኙን ኮፍያ ይዞ ሄደ፣ እኔም በጀርባዬ ወደቅኩ። ኮፍያው ግድግዳው ሥር ተገኘ።

አሰልጣኙ ራሱን እየዳበሰ "ድገሚው" አለ።

ዝቅ አድርጌ ደገምኩ፤ ፓዱ ከእጁ በረረ። የእኔን ስም ጻፈ። ከዚያ "በምን ላስቲክ ነው የሠራሽው?" ብሎ ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ተቀብሎ ሳበው። አልተሳበም። ዞሮ አባቴን አየው።

"የተሳቢ ነው" አለ አባቴ። "ከሞተር ወደ ሚኒባስ፣ ከዚያ አይሱዙ፣ ከዚያ ተሳቢ። እየለመደችው ሄደች።"

ወደ ቤት ስንመለስ አላናገርኩትም። ደስ ብሎኛል፤ ግን ንዴቱ በልጦብኛል። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል አልቻልኩም።

"ለምን አልነገርከኝም? እግሬ የማይረባ መስሎኝ ነበር እኮ!"

"ብነግርሽ አሳሳልኝ ትዪኝ ነበር።"

"አልቅሻለሁ አባዬ።"



"ሰምቻለሁ" አለ። "የተሳቢውን የቆረጥኩት በማግስቱ ነው።"