የአንድ በሬ ዕዳና የምርጫው ዋጋ

ከሰቆጣ በወጣሁበት ምሽት ቤታችን የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ እናቴ ለተብርሃን፣ አጎቴ ኪዳኑ፣ ሚስቱ እትዬ አበሩ፣ ጎረቤታችን አቶ ምስጋን፣ በጭነት መኪናው እስከ ወልድያ የወሰደኝ ነጋዴው ሰይድ። እናቴ በሶ ትቋጥርልኝ ነበር። ሰይድ ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቶ «ቶሎ በሉ፤ መንገድ እንደ እናት አያባብልም» ይላል።

አጎቴ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሸጦ ገንዘቡን በእጄ አስያዘኝ። «ለሦስተኛው ጥምቀት ወይ ብሩን ትመልስልኛለህ፣ ወይ ካምፓላ ከምታቋቁመው ሥራ ድርሻ ትሰጠኛለህ። የቱን እንደምወስድ ያኔ እነግርሃለሁ» አለ። ወለድ አልጠየቀም።

ምስጋን «አንተ ሰው፣ በሬ ሸጠህ ጥጃ ልትጠብቅ ነው?» ብሎ አሳቀን።

ሞያሌ ላይ ፓስፖርቴን ያገላበጠው ሰው ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። ለመማር አልኩት። «መማሪያው እዚህ አለቀ?» አለና ማኅተሙን መታልኝ።

ካምፓላ ዝናብ ሳይለምኑት ይመጣል። ወደ ሰማይ አንጋጦ ለሚከርም ለዋግ ሰው ይህ ያስቆጫል። ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ሙዝ አላቸው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ እንደ ቆሎ ጥርስ ላይ ወሬ የለውም። ቀን በአንድ የሐበሻ ሱቅ ዕቃ እመዘግባለሁ። ሲመሽ ለሒሳብ ባለሙያነት ፈተና በራሴ አነባለሁ፤ ቅዳሜ ብቻ አስተማሪ ዘንድ እሄዳለሁ።

ቤት አከራዬ ማማ ግሬስ መጽሐፌን አይታ «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ዕዳ እንዴት እንደሚተመን።»

«የእኔን ኪራይ ሳትተምን ክፈል።»

«እሑድ እከፍላለሁ።»

«ባለፈውም እሑድ ነበር።»

አንድ ቅዳሜ ወደ ድርሻ ስለሚለወጥ ቦንድ፣ ማለት ድርጅት ስለሚበደርበት ሰነድ፣ ተማርን። ነገሩ ለእኛ ሰው ቀላል ነው፤ አበዳሪው መጨረሻ ላይ ወይ ገንዘቡን ወይ የድርጅቱን ድርሻ ይመርጣል። ምርጫ ስላለው በአነስተኛ ወለድ ያበድራል። ዕዳውንና ምርጫውን ለየብቻ እንድንተምን ጥያቄ ተሰጠን። እኔ ወደፊት የሚከፈለውን በዚያው አነስተኛ ወለድ ወደ ዛሬ ዋጋ መለስኩት። ዕዳው ከተበደሩት ገንዘብ ጋር እኩል ሆነ፣ ምርጫው ዜሮ። ገጠመልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

አስተማሪው አየና «ምርጫውን በነጻ ወሰድክበት» አለኝ። «ምርጫ የሌለው አበዳሪ ስንት ወለድ ይጠይቅ ነበር? በዚያ አስላው። ዕዳው ያንሳል፤ የጎደለው የምርጫው ዋጋ ነው።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። የአጎቴን ዕዳ ሁልጊዜ የማስበው እንደ በሬው ዋጋ ብቻ ነበር። አንድ በሬ የቀረው ሰው ግን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። አጎቴ ከምስጋን ጋር ሲቀናጅ መጀመሪያ የምስጋን ማሳ ይታረሳል፤ የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። እናቴ በስልክ «ዘንድሮም ዘግይቶ ዘራ» ስትለኝ እንደ ተራ ወሬ እሰማት ነበር። ለካ የምርጫውን ዋጋ የከፈለው በዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ አጠራቀምኩ። ሦስተኛው ጥምቀት ሲደርስ ለአጎቴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ብሩ ሞልቷል። በሬ ይግዙበት።»

«ማን ብሩን እወስዳለሁ አለህ? የምፈልገው ድርሻዬን ነው።»

«የምን ድርሻ? ሱቁ የሰው ነው። እኔ ያለኝ ገና ያላለፍኩት ፈተና ነው።»

«ታዲያ ከፈተናው ስጠኛ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት።

«እትዬ አበሩስ ምን ይላሉ?»

«እርሷማ በሬውን ትላለች። ብሩን ከተቀበልኩ እኮ ሒሳባችን አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በምን ሰበብ ትመጣለህ?»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልገባ አለኝ።

ብሩ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ክረምቱ እየቀረበ ነው፤ አጎቴም አሁንም በአንድ በሬ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው፣ አንዳንድ ጊዜ አበዳሪው ባይወድም ተበዳሪው ከፍሎ ዕዳውን የመዝጋት መብት አለው። ግን ሲዋዋሉ የተባለ ከሆነ ነው። በዚያ ምሽት የመኪናው ድምፅ ጆሮዬን ይዞት ነበር፤ ሁሉን አልሰማሁም። እማዬ፣ እትዬ አበሩ፣ አቶ ምስጋን፣ ሰይድ፣ እናንተ እዚያ ነበራችሁ። «እኔ እምቢ ብልም ልጁ መክፈል ይችላል» የሚል ቃል ከአጎቴ አፍ የሰማ ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።