ገልብጦ የሚጽፈው መምህር

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ፣ ስማዳ ውስጥ ከወገዳ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ሥነ ጥበብ ሳስተምር ነው። ሰዎቹ ዛሬም ስላሉ የከተማዋን ስም ልተወው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ የተማሪዎቼን ስም እንኳ። የአንዲት ሴት መሬትና የእኔ እስራት በአንድ ወረቀት ላይ ተንጠልጥለው የዋሉበትን ቀን ግን አልረሳሁም።

ኮሌጅ ሳለሁ የሥዕል ኅትመት ተምሬ ነበር። ሥዕሉ በአንድ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይቀረጻል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ይታተማል። ኮሌጅ የምንቀርጸው ሊኖሊየም በሚባል ለስላሳ የወለል ንጣፍና በመዳብ ላይ ነበር። ስማዳ ስደርስ ሁለቱም የሉም። ታች ጋይንት አርብ ገበያ የተመደበ አንድ የኮሌጅ ጓደኛ ነበረኝ፤ እሱም እንደኔው ተቸግሮ ነበር። ስለዚህ ያገኘነውን ሁሉ መሞከር ጀመርን።

ያረጀ የጫማ ሶል፣ የመኪና ካላማዳሪያ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የተጣለ የራጅ ፊልም፣ ምን ያልሞከርነው አለ። ሶሉን ስንቀርጸው ቀለም የሚይዘው ሳንነካ የተውነው ከፍ ያለው ቦታ ነው። የራጅ ፊልሙን ግን በመርፌ እንጭረውና ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ይገባል። መቅረጫዬን የሠራሁት ከተሰበረ የጃንጥላ ዘንግ ነው። ቀለሙ ከትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን የተረፈ፣ ማተሚያዬም የማንኪያ ጀርባ ነበር። የሠራነውን በመኪና ረዳት እየተላላክን፣ ይኼኛው ጥሩ ያዘ፣ ያኛው ተሰነጠቀ እየተባባልን እንጻጻፍ ነበር።

በገበያ ቀን ጫማ ሰፊዎቹ የጣሉትን ሶል ስለቅም ሰው ያየኛል። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። ሶሉ ላይ ፊደል ገልብጬ ስቀርጽ ካዩ ወዲህ ግን ስሜ «ገልብጦ የሚጽፈው መምህር» ሆነ። ከፊታቸው ስቄ አለፍኩ እንጂ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ጥር ውስጥ ነው፣ ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙና ለጥያቄ እንደምፈለግ ነገሩኝ። እጄን አላሰሩኝም። ግን አንደኛው ጆንያ ተሸክሞ ነበር፤ ከጆንያው አፍ ብቅ ያለውን ሶል ሳይ የኔ መሆኑን አወቅሁ። ቤቴን አስቀድመው ፈትሸውት ኖሯል። በከተማዋ መሐል ስንሄድ ሰው ከየሱቁ እየወጣ አየን። ሰላም ያለኝ አልነበረም።

ጣቢያው ውስጥ ሳጅን ፈንቴ የሚባሉ ጠና ያሉ መርማሪ ጠበቁኝ። ሥራዎቼን ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። ሃያ ሰባት ሶል ነበር። ከነዚያ ውስጥ ሦስቱ ክብ ናቸው፤ ለቤት አከራዬ ለቄሱ ስጦታ እንዲሆን የቤተ ክርስቲያናቸውን ስም ዙሪያውን የቀረጽኩባቸው። እኔ ራሴ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳያቸው ማኅተም መሰሉኝ።

አግዳሚው ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። እማማ የውብዳር ይባላሉ። ሳጅን ነገሩን ባጭሩ አስረዱኝ። የእማማ ባል ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በቅርቡ አንድ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱ እማማ መሬታቸውን በሙሉ ለዋርሳቸው፣ ማለትም ለባላቸው ወንድም፣ በስጦታ እንደሰጡ ይናገራል። የቀበሌው ማኅተምም አርፎበታል። ሊቀመንበሩ ደግሞ እኔ አላተምኩም ብለው ምለዋል። ዋርሳው በበኩሉ ከቀበሌ የተሰጠኝ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ማኅተሙ ሐሰተኛ መሆኑ ካልታወቀ መሬቱ የእሱ ነው። ማኅተም ሊቀርጽ የሚችል ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከተማው በሙሉ አንድ ሰው ጠራ።

እማማ የውብዳር ቀና ብለው አዩኝ። ድምጻቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እጅህ ይድረቅ» አሉኝ።

አልቀረጽኩም አልኩ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ አልኩ። ሳጅን የስጦታውን ወረቀት ወደኔ ገፋ አደረጉት።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ወይን ጠጁ ቀለም ውስጥ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ክብ ክብ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። የፊደሎቹ ጠርዝ ሟሙቷል። ሶል እንዲህ አያደርግም። ይህን ያየሁት ከወራት በፊት ነው፤ እኔና ጓደኛዬ በልብስ ሳሙና ላይ ቀርጸን ሞክረን፣ በቀለሙ እርጥበት እየቀለጠ አረፋ አወጣብንና ተውነው።

ዝም ልበል ወይስ ልናገር? ዝም ካልኩ ሶሎቹ ይመሰክሩብኛል። ከተናገርኩ ደግሞ እንዴት አወቅህ መባሌ አይቀርም።

«ይኼ ሶል አይደለም» አልኩ። «በሳሙና ነው የተሠራው።»

«በምን አወቅህ?»

«ሞክሬው አውቃለሁ።»

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ፖሊስ መጻፍ ጀመረ። የብዕሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ሳጅን ከሱቅ ሳሙና አስመጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። መቅረጫዬንም ከጆንያው አውጥተው ሰጡኝ። ሙሉ ማኅተም አልቀርጽም ብዬ ለመንኳቸው፤ እንግዲያው ከዙሪያው ሁለት ቃል ብቻ ቅረጽ አሉኝ። ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስጨርስ የቀበሌውን የማኅተም ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ እንዳትም አደረጉኝ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አየናቸው። ነጥቦቹ አንድ ናቸው። የሟሟው ጠርዝ አንድ ነው። ሳጅን እኔ ባተምኩት ላይ መዳፋቸውን ጭነው ሸፈኑት።

«መምህር» አሉኝ፣ «አሁን ራስህን አወጣህ ወይስ አስገባህ?»

ሶሎቼ ነጻ ወጥተዋል፣ እጄ ግን አልወጣም።

የዚያን ጊዜ እማማ የውብዳር ከወንበሩ ተነሡ። «ሳሙና ነው ያለው?» ብለው ሳጅንን ጠየቁ። አዎ ተባሉ። ወደ ጠረጴዛው ቀረቡና ጣታቸውን ወይን ጠጁ ቀለም ላይ አደረጉ።

«የዋርሳዬ ሚስት ለጥምቀት የባሏን ጋቢ ልታጥብ ወንዝ ወርዳ ነበር» አሉ። «ቤት ውስጥ ተሸጉጦ ባገኘችው ሳሙና አሸችው። ጋቢው እንዲህ ወይን ጠጅ ሆነ። ይኸው ይኼን መሰለ። ይገድለኛል ብላ ስታለቅስ አዘንኩላትና አብሬያት ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ብለው ቁጭ አሉ። መሬታቸውን የወሰደውን የማኅተም ቀለም በገዛ እጃቸው ሲያለቅልቁ እንደነበር የገባቸው ይመስለኛል። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሳጅን ወዲያው አላመኑም። እኔን አስረው ሁለት ፖሊሶች ወደ ዋርሳው ቤት ላኩ። እስከ ማግስቱ ከሰዓት ድረስ ታሰርኩ። አብረውኝ የነበሩት ሁለት እስረኞች ስለ እህል ዋጋ ያወሩ ነበር፤ እኔ ግን የውጭው በር በተከፈተ ቁጥር እነሣለሁ።

በመጨረሻ የዋርሳውን ሚስት አመጧት። ሴትዮዋ ምንም አልደበቀችም። የተረፈችውን ቁራጭ ሳሙና አልጣለችም ነበርና ይዛ መጣች። ግማሹ ታጥቦ አልቋል፤ ግን የክቡ ጠርዝና አራት ፊደል ይነበባል። ከጋቢው ጥለት ላይም ቀለሙ ገና አልለቀቀም። ባልየው ሲጠየቅ ከሌላ አገር ለገበያ የመጣ ሰው እንደቀረጸለት አመነ። ያ ሰው የት እንደገባ አልታወቀም። መሬቱ ለእማማ ተመለሰ።

ሳጅን ሶሎቼን መለሱልኝ። ክብ ክቦቹን ግን አስቀሩ፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ስወጣ እማማ የውብዳር አጥሩ ስር ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ቀኝ እጄን ይዘው ገለበጡና መዳፌን አዩ።

«ያልኩህን እንዲያነሣልኝ ፈጣሪን ለምኜዋለሁ» አሉኝ። «ሰምቶኝ እንደሆነ እንጃ። አንተም ለምነው።»

እሺ አልኳቸው።

አሁን ንፋስ መውጫ ነው የማስተምረው። ሶልም ሆነ ቆርቆሮ እስካሁን እቀርጻለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስተምራለሁ። ፖሊሶቹን አልቀየምኳቸውም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እኔኑ እጠረጥር ነበር። የከተማዋን ሰውም ቢሆን ይቅር ካልኩ ቆየሁ።

ለራሴ ግን አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያን ቀን ሳሙናውን ስቀርጽ ፍርሃቴ ጠፍቶ ነበር። ማኅተሙን የቀረጸውን ሰው ሥራ ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ጥሩ እጅ አለው» የሚል ነው። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «እኔ እበልጠዋለሁ»። እኚያ ሴት ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ተቀምጠው መሬታቸው ሊሄድ ሲል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ የተጨነቅኩት የአንድ ፊደል እግር እንዳይሰበርብኝ ነበር።