ገበያው የሚደጋገምበት ጨዋታ

ሶዶ ውስጥ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ ያለ ሰው ማመልከቻ ጻፊ፣ ፎቶ ኮፒ አንሺና የጎረቤት ሁሉ ስልክ ጠጋኝ ሆኖ ይቀራል። አስተማሪዋ ትዕዛዝም በአንድ የግል ኮሌጅ ሰባት ዓመት ስታስተምር ከዚህ ዕጣ አላመለጠችም። ልቧ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ የቪዲዮ ጌም ትሠራ ነበር። ይህንን ለእናቷ ለአሳየሽ በነገረቻት ጊዜ፣ በበዴሳ ገበያ በቆሎ ስትሰፍር ዕድሜዋን የጨረሰችው አሳየሽ "ማን ይበላዋል?" ብላ ጠየቀቻት።

የጌሟን ሐሳብ የምትቀዳው ከፊልም ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፊልም ጫኚ ፍላሿን ታስሞላለች። የምትመርጠው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ያው ቀን ደጋግሞ የሚነጋበትን፣ ወይም አንዲት ሴት በሩን ብትከፍትና ባትከፍት ሁለት የተለያየ ሕይወት የምትኖርበትን። አንድ ቀን ጫኚው "ይሄ ተበላሽቷል፣ ያንኑ እየመለሰ ያሳያል" ብሎ በሌላ ሊቀይርላት ሞክሮ ነበር። እሷ ግን ደብተር ይዛ ትቀመጣለች። ሰውዬው የሚወስንበት ቦታ ሲደርስ ፊልሙን ታቆምና ሌላውን መንገድ ቢይዝ ኖሮ የሚሆነውን ቅርንጫፍ እያወጣች ትስላለች።

ከዚህ ሁሉ ልፋት አንድ ነገር ገብቷታል። ቀኑ ሲደጋገም የሚለወጠው ቀኑ ሳይሆን የሰውዬው ዕውቀት ነው። ተመልካቹም ያችኑ ቃል ለአሥረኛ ጊዜ ሲሰማ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ይህ ደግሞ እንደ እሷ ላለ ባዶ ኪስ ሠሪ በረከት ነው፤ አንድ ጊዜ የተቀዳ ድምፅ መቶ ቦታ ይገባል። ደብተሯ ላይ "ድምፁን አትለውጪ፣ ሰሚው ይለወጣል" ብላ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች። ምነው እጇን በቆረጠው።

ጌሙ የአንዲት እህል ነጋዴ ቀን ነው። ሴትዮዋ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ገበያ ትወጣለች፣ ትሸጣለች፣ ማታ ቤቷ ስትመለስ ልጇ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ቆሞ ታገኘዋለች። ከዚያ ቀኑ እንደገና ይጀምራል። ተጫዋቹ የሴትዮዋን ውሎ እየለዋወጠ ልጁን ማስቀረት አለበት። ታሪኩ ከየት እንደመጣ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ የትዕዛዝ ታናሽ ወንድም መልካሙ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። በስልክ ሲያገኛት "እኔን የሚያስቀር ቅርንጫፍ አገኘሽ?" እያለ ያሾፍባት ነበር። አላገኘችም። ልጁን ለማስቀረት ብዙ መንገድ ብትሞክርም ሁሉም ሻንጣው ላይ ያበቃል።

ጳጉሜን ሁለት ቀን አጎቷ ጩማ ኮሌጁ ድረስ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሰው ክፍል ውስጥ እያለ አስጠርቶ አያውቅም። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ወስዶ ነገራት። መልካሙን ከሚሠራበት ሱቅ ዘራፊዎች ገብተው ገድለውታል።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ጩማ እስክትረጋጋ ጠብቆ "ለእናትሽ ከእኛ ሌላ ማንም እንዳይነግራት" አላት። "የአስከሬኑ ወረቀት ገና ነው። ጊፋታም ደርሷል፤ በበዓል ደጅ መርዶ አይነገርም። ደም ግፊቷንም ታውቂያለሽ። በዓሉ ይለፍ፣ አስከሬኑ ይግባ፣ ሽማግሌዎች ሆነን እንነግራታለን።"

"እስከዚያ እኔ ምን ልበላት?"

"ምንም አትበያት።"

ማለቱ ቀላል ነው። ትዕዛዝ ያን ሰሞን ማታ ማታ የጌሙን ደብተር አውጥታ የእናቷን መርዶ በቅርንጫፍ ትስል ጀመር። ዛሬ ብትነግራት፣ ነገ ብትነግራት፣ ሐኪም ይዛ ብትሄድ። እያንዳንዱን መስመር እስከ መጨረሻው ስትከተለው እናቷ ወድቃ ታያታለች። ደብተሩን ትዘጋለች፤ ስልክ ሲደወልላት ደግሞ "ደህና ነን እማ፣ ኔትወርክ እያስቸገረ ነው እንጂ እሱም ደህና ነው" ትላለች።

የጊፋታ ዕለት፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ በሚከበርበት እሑድ፣ በዴሳ ገባች። ወንዶቹ በሬው ከታረደበት ሜዳ ሥጋ ሊካፈሉ ወጥተዋል፤ ጩማም እዚያ ነው። ቤት ውስጥ ሴቶቹ ቆጮውን በቅቤ ያሻሉ፣ ዳጣው ተፈጭቷል። አሳየሽ ግን እጇ ሥራ ላይ፣ ዓይኗ የትዕዛዝ ስልክ ላይ ነበር።

"በጊፋታ ድምፁን ሳይልክልኝ ቀርቶ አያውቅም" አለች። "አንድ ነገር ሆኗል። ልቤ እየነገረኝ ነው።" እጇን ታጥባ ነጠላዋን አነሳች። "ጩማ ጋ ሄጄ በሰው ፊት እጠይቀዋለሁ።"

ነገሩን የሚያውቁት ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ትዕዛዝ ሜዳው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰውና ሥጋ መሃል እናቷ ስትወድቅ ታያት። ያኔ ነው ደብተሯ ላይ በቀይ የጻፈችው ትዝ ያላት። ስልኳን ከፍታ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄደች፤ መልካሙ ለአምናው ጊፋታ የላከውን የድምፅ መልእክት አገኘችው።

"ቆይ እማ፣ አሁን ገባ" አለችና ከፈተችው።

"ዮዮ ጊፋታ፣ እማ። እንኳን አደረሰሽ። ድርሻዬን ለማንም እንዳትሰጪብኝ። ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል እንጂ ደህና ነኝ።"

አሳየሽ ተቀመጠች። ፊቷ ፈካ። ሦስት ጊዜ አስደገመቻት፤ በሦስተኛው ግን ግንባሯን ቋጠር አድርጋ "አምናም እኮ ጉንፋን ይዞት ነበር" አለች። "ያ አገር ብርድ ነው።" ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ዝንጅብል አፍልቶ እንዲጠጣ፣ ደረቱን እንዲሸፍን ረጅም መልእክት አስቀዳች። ትዕዛዝ ዓይኗን በጨው አጥባ ላከችው። መልእክቱ እንዳልደረሰ የሚያሳይ አንድ ግራጫ ምልክት ብቻ ታየ።

አስከሬኑ ረቡዕ አዲስ አበባ ገባ። ሐሙስ ገና ሳይነጋ ጩማና አምስት ሽማግሌዎች የአሳየሽን ደጅ አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ጩማ ጸልዮ፣ መልካሙ ጳጉሜን ላይ መሞቱን ቃሉን አሳጥሮ ነገራት።

አሳየሽ አልጮኸችም። "ጳጉሜን ነው የምትሉት?" አለች ተረጋግታ። "እሑድ እኮ አነጋግሮኛል። እዚያ አገር መልካሙ የሚባል ስንት አለ? ተሳስታችኋል።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው "ስም ተመሳስሎስ እንደሆነ?" አለ። ሌላው "ሣጥኑን ማን ከፍቶ አየው?" አለ። ደጅ ለልቅሶ የቆሙት ሴቶች እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱ፤ አንዷ እልል ልትል ዳድቷት ነበር። ጩማ ራሱ፣ ያ ደረቅ ሰው፣ ስልኩን አወጣ። ደቡብ አፍሪካ ሊደውል ነው። ሞቶ የነበረው ልጅ በአንድ አፍታ ሊነሳላቸው ሆነ።

"አንቺ ንገሪያቸው እንጂ" አለች አሳየሽ። "ድምፁን አሰሚያቸው።"

ትዕዛዝ ዝም ብትል አስከሬኑ እስኪደርስ እናቷ ግማሽ ቀን ልጅ ይኖራታል። ሁሉም ዓይኑን እሷ ላይ ጥሎ ነበር።

"የአምናው ነው እማ" አለች።

አሳየሽ አልገባትም። "ምኑ?"

"ድምፁ። የአምና ጊፋታ የላከው ነው። እሑድ እሱ አልነበረም።"

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። "ታ ናኣው፣ ልጄ" እያለች በሁለት እጇ መሬቱን መታችው። ትዕዛዝ ልትይዛት ስትጠጋ ክንዷን አስለቀቀች፤ የያዟት ሌሎች ሴቶች ናቸው።

ከቀብሩ ወዲህ ትዕዛዝ በዴሳ እናቷ ጋ እያደረች፣ ጠዋት በሚኒባስ ሶዶ እየሄደች ታስተምራለች። ጌሙን ከኮምፒውተሯ አጥፍታዋለች። አሳየሽ አልረገመቻትም፣ ክፉ ቃልም አልወጣትም፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይጸልያሉ። ብቻ ትዕዛዝ ከጓዳ "እማ፣ ሻዩ ፈልቷል" ስትላት፣ አሳየሽ ቀና ብላ በአጥሩ በኩል ጎረቤቷን ሙሉመቤትን ትጣራለች።

"እስቲ ግቢና እዪልኝ፣ ሻዩ ፈልቷል?"