ከሩቅ የሚታይ ጣራ

ከጨንቻ ልወጣ ዋዜማ ማታ አባቴ አዲሱን ጋቢ ከላዬ ገፎ አሮጌውን አለበሰኝ። አዲሱን እናቴ ፈትላ፣ እሱ ራሱ ሸምኖ ለመንገዴ ያሰናዳው ነበር። ጠቅልሎ ጆንያ ውስጥ ከተተውና ከላዩ ቆጮ አደረገበት። «አዲስ ለብሰህ ከታየህ፣ ገና መንገድ ሳትጀምር ደረሰ ይሉሃል» አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም፤ የተሰማኝ ብርዱ ብቻ ነው። አሁን ሽሮ ሜዳ ላይ አርጅቼ፣ ፀጉሬ ነጥቶ ነው የገባኝ። ሲገባኝም አናደደኝ።

ጎህ ሳይቀድ የጭነት ማኪና ላይ ወጣን፤ እኔና የጎረቤታችን ልጅ አንጁሎ። እኩያሞች ነን፣ በአንድ ወንዝ ነው የታጠብነው። ስንቅ ይዘሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው «ማን ስንቅ ይሰጠኛል ብለህ ነው?» አለኝ። አዘንኩለትና የኔን ለሁለት እየቆረስን በላን። ሻሸመኔ ወርደን ጋቢውን ሲያራግፍ የዳቦ ፍርፋሪ እንደ በረዶ ረገፈ። ሳቅኩ። ልጅ ነበርኩ፤ ሁሉ ነገር ያስቀኛል።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ብርዱ ብቻ ነው አገሬን የመሰለኝ። ከእንጦጦ በባህር ዛፉ መሃል እየሾለከ የሚወርደው ብርድ ልክ የጨንቻ ነው። ሌላው ሁሉ ልዩ ሆነብኝ። የአገራችን ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ድምፁ አይሰማም። እዚህ ቆርቆሮው ሲንጫጫ እንቅልፍ አጣሁ። ቆጮ በዳጣ የለመደ ሆዴ እንጀራ ኮመጠጠው፤ አሁንማ ያለ እሱ አልጠግብም። ሰዉም ቸኩሎ ነው ሰላም የሚለው፤ ገና ስለ ከብቶቹ ደህንነት ሳትጠይቀው ሄዷል። አማርኛ አላውቅም ነበር። ፊደልም ቢሆን ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው የቆጠርኩት፣ እና አጻጻፌን ታገሱኝ።

እኔና አንጁሎ አንድ ቤት ውስጥ፣ ጎን ለጎን በተቆፈረ ጉድጓድ እግራችንን ከተን ሸማ ስንሸምን ቆየን። ከዚያ እሱ መሸጡን ያዘ፣ እኔ መሸመኑን። በርትቶ ሠርቷል፣ አልዋሽም። ዛሬ የባህል ልብስ ሱቆች አሉት። ፎቅ አለው፣ በሚስቱ እህት ስም። ማኪናም አለው፤ ሽሮ ሜዳ ግን አያደርሳትም። ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ ያቆማትና ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮቱን ለብሶ፣ የራጅ ፖስታ ብብቱ ስር ይዞ በታክሲ ይወጣል። ራጁ የማን እንደሆነ እንጃ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ አሁንም ሕክምና ላይ ነዎት?» ይሉታል።

«ምን ይደረግ ብለህ ነው?» ይላል። የታመመን ሰው ማን ብር ይጠይቃል?

እኔ የምኖረው ከፎቁ ጀርባ እሱ ባከራየኝ ክፍል ነበር፣ የምሸምነውም ለሱ። አንድ ክረምት ጣራው አፈሰሰብኝና ነገርኩት።

«የኔስ የማያፈስ ይመስልሃል?» አለኝ።

«ያንተ ፎቅ ነው እኮ አንጁሎ።»

«ፎቅ ከላዩ ሰማይ የለበትም እንዴ?»

አንድ ነገር ልመስክርለት፤ አንጁሎ አይዋሽም። በእኛ ዘንድ ውሸት ጎሜ፣ እርም ነው፤ ጎሜ የነካ ሰው ልጁ ይታመማል፣ ላሙ ትነጥፋለች። ያንን ስለሚፈራ አንጁሎ «የለኝም» ብሎ አያውቅም። ይጠይቃል እንጂ። «ምን አለኝ ብለህ ነው?» ይላል፣ በቃ። መልሱን አንተው ራስህ ትሞላለታለህ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን አንድ ቀን፣ ጥለት ሊያይ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ባለበት ጠየቅኩት። ያን ቀን ብቻ በጥያቄ አልመለሰልኝም።

«ሻንካ፣ አለው ከተባልክ ሰው መሆንህ ይቀራል» አለኝ። «የውሃ ቦኖ ትሆናለህ። ሰው ቦኖን እንዴት አደርክ ብሎ ያውቃል? ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል እንጂ። ውሃው የጠፋ ቀን ደግሞ በእርግጫ ነው የሚለው።»

እውነት አለው። ለቅሶ ቤት ሲገባ ዓይን ሁሉ ኪሱ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። ግብር የሚተምኑት ሰዎች ሱቁ ደጃፍ ላይ ጫማውን አይተው ሲጽፉም አይቻለሁ። ዘመድ ሞትኩ ብሎ ይመጣል፣ በልቶ ጠጥቶ በማግስቱ ያማዋል። ይህን ሁሉ አውቅለታለሁ። የሱ መደበቅ በኔ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ክፉም አልተናገርኩት።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ለተወለዱት ልጆች ነው የምነግረው። በእኛ አገር ሃላቃ የሚባል ሹመት አለ። ትልቅ ክብር ነው። ግን የተሾመው ሰው አገሩን ሁሉ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሰንጋ ይጥላል፣ ቅቤውን ያፈሳል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ያለውን ሰው እየፈለጉ ይይዛሉ። ተይዞ እምቢ ላለ ሰው እሳት የሚያስጭረው ጎረቤት አይኖርም። ድሮ ሀብታም የነበረው ለዚህ ነው ከብቱን ሩቅ ዘመድ ጋ የሚያስረባው። አባቴም ጋቢዬን ጆንያ ውስጥ የከተተው ከዚያው ልማድ ነው።

ካለፈው መስቀል በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ከጨንቻ መጥተው እኔ ዘንድ አረፉ። ትልቁ ጫሜ ይባላሉ፣ የአባቴ ጓደኛ ልጅ ናቸው፣ በዕድሜ ግን በብዙ ይበልጡናል። እግራቸውን አጠብኩ፣ ያለኝን አቀረብኩ።

«አንጁሎን ለሃላቃነት ልናየው ነው የመጣነው» አሉኝ ጫሜ። «ሀብቱ እዚህ ነው ይሉናል። ከሌለው ግን ሌላ ስም ተነስቷል።»

«ማን ነው እሱ?»

«ወንድምህ። ኦይቻ።»

ኦይቻ ታናሼ ነው። ያለው ከምንጩ በታች ያለችው የእንሰት ማሳ ናት፣ አምስት ልጅ የሚያድርባት። ሌላው ሀብቱ የቆርቆሮ ጣራ ነው፤ እሱንም እኔ ነኝ ዓይኔ እስኪፈዝ ጥለት ጥዬ ቅጠል በቅጠል የገዛሁለት። ሃላቃ ከሆነ ማሳዋ መሄዷ ነው።

እሁድ አንጁሎ ዘንድ ሄድን። ወደ ፎቁ አላስገባንም፤ በሩ አጠገብ ወዳለችው የዘበኛ ቤት ወሰደን። እኛ የዘበኛው አልጋ ላይ ተደረደርን፣ ዘበኛው ውጭ ካፊያው ላይ ቆመ። አንጁሎ ቆሎ በሳህን አቀረበ።

«እዚህ ነው የምትኖረው?» አሉ ጫሜ።

«ላረጀ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል አባቴ?»

«ፎቁስ የማን ነው?»

«ካርታው ላይ የማን ስም ያለ ይመስልዎታል?»

«እኔ ፊደል አላውቅም ልጄ፤ አንተን ነው የምጠይቅህ።»

አንጁሎ ራጁን ከፖስታው አውጥቶ ወደ መስኮቱ አነሳው። የሰው ጎድን ታየ። ጫሜ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ አዩት።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«ሰው ከቆዳው በታች ሲታይ ሁሉም አንድ አይደለም ወይ?»

ይህን ጊዜ በሩ ገርበብ አለና ዘበኛው አንገቱን አስገባ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ዝናቡ በረታ... ጃንጥላዬ አልጋው ስር ነበረች።» ጫሜ ጎንበስ አሉና ጃንጥላዋን አውጥተው ሰጡት። ማንም አልሳቀም። ቆሎው ብቻ ይቆረጠማል።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሻንካ፣ አብረኸው ወጥተህ አብረኸው ሸብተሃል። አለው ወይስ የለውም?»

ያለሁበት ክፍል የሱ ነው፣ የምሸምንበት ድርም የሱ ነው። «አለው» አልኩ። «ፎቁም ሱቆቹም የሱ ናቸው።»

አንጁሎ አልተቆጣም። ቆሎውን ዋጥ አድርጎ፣ «ወንድሙን ለማዳን ሲል ሻንካ ምን የማይለው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ምስክርነቴ እዚያው ሞተ።

በማግስቱ መናኸሪያ ስሸኛቸው ጫሜ እጄን ያዙ። «አንተን እናምንሃለን። ግን ሸንጎ ፊት የምንቆመው ያየነውን ይዘን ነው። የአንጁሎ ነው የምንለው ቤት አላየንም። የኦይቻ ጣራ ግን ከሩቅ ይታያል።»

ስመለስ አንጁሎ ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ጣራው ያፈሳል ስትል አልነበር? የማያፈስ ለምን አትፈልግም?» አለኝ። ከቤት ማስወጣቱ ነው። ዕቃዬን ለቅሜ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። አሁን በሰው ድር፣ በሰው ጉድጓድ ነው የምሸምነው፤ በዚህ ዕድሜ።

ሀብቱን አልተመኘሁበትም። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ያለው ሰው እንደሌለው መልበስ ከጀመረ፣ እንደሌለው ከታመመ፣ የሌለው ምን ይሁን? ኮቱን ወሰዱብን፣ ሳሉን ወሰዱብን፣ ቃላችንንም ወሰዱብን። እኔ ዛሬ ቸግሮኛል ብል፣ ሰው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያየኛል፤ የት ደብቆት ይሆን እያለ።

ባለፈው ሳምንት ኦይቻ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሃላቃነቱን ሰጡኝ» አለ። ደስታ ይሁን ድንጋጤ ድምፁ አልለይ አለኝ። «የምንጩን ማሳ የሚገዛ እያነጋገርኩ ነው። አንተ ሰንጋውን ብቻ ቻለኝ።»

«የለኝም ወንድሜ።»

ሳቀ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ የማያምን ሰው ሳቅ ነው። «አንጁሎም እንዲያ አለ አሉ።»

«አንጁሎ እንዲያ ብሎ አያውቅም» አልኩት። «የለኝም የምለው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይሄን ጣራ ማን አለበሰው ጋሼ?»

እሱ ስልኩን አልዘጋም፣ እኔም አልዘጋሁም። ጨንቻ ዝናብ እየጣለ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲንጫጫ፣ እዚህ ቁስቋም ድረስ በስልኩ ይሰማኛል።