ድልድዩን ያልተሻገሩት ሽማግሌ

አምቦ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩት አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣሁ፣ ከሰላምታ በስተቀር ኦሮምኛ የማላውቅ፣ አዲስ ነጭ ገዋን የለበስኩ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ኃላፊያችን ዶክተር ግርማ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ይህ ገዋን እስከ ምሳ ነጭ ሆኖ ከቆየ ሥራ አልሠራህም ማለት ነው» አሉኝ።

በዚያ ጠዋት ለሕክምና ከተሰለፉት በሬዎች ኋላ አንድ ገበሬ በግ ይዞ ቆሟል። «በጌ እህል ውሃ አልቀምስ አለኝ» አለ። ትኩሳቱን ለካሁ፤ ደህና ነው። የዓይኑን ሽፋን ገልጬ አየሁ፤ ቀይ ነው፣ ጤነኛ። ሆዱን ዳሰስኩ። እኔ ይህን ሁሉ ስሠራ በጉ እግሬ ሥር ያለውን ሣር ይግጣል። ግራ ገባኝ።

ዶክተር ግርማ ከወዲያ ሆነው ሲመለከቱኝ ኖሯል። «በጉን እሰረውና ውሻውን ወደዚህ አምጣው» አሉት ገበሬውን። ለካ ከአጥሩ ጥግ አንድ ቡናማ ውሻ ተኝቷል። ገበሬው አፈረ። «ኧረ እሱ ተከትሎኝ ነው የመጣው» አለ። የውሻውን ታፋ ጅብ ዘንጥሎታል፤ ቁስሉ ትል አፍርቷል። ስናጥብና ትሉን በመቆንጠጫ ስንለቅም ሰውዬው ጭንቅላቱን እቅፍ አድርጎ በጆሮው የሆነ ነገር በኦሮምኛ ያንሾካሹክለት ነበር።

ከሄደ በኋላ ዶክተር ግርማ «እዚህ አገር ሰው ለውሻው ብሎ ክሊኒክ አይመጣም» አሉኝ። «ለበጉ ነው የሚመጣው። አንተ እጅህ በጉ ላይ ይሁን፣ ዓይንህ ውሻው ላይ።»

እውነታቸውን ነበር። ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ክትባት እንጭኒ ስንወርድ፣ ሸነን ስንወጣ፣ ወንጪ ሐይቁ ዳር ስናድር፣ የከብቱ ሥራ ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ሰው ወደ ጓሮ ይጠራኛል። ጉደር ላይ አንድ የስልጤ ነጋዴ እከክ የፈጀውን ውሻውን አሳየኝና «የሱቁ ጠባቂ ነው እንጂ ለእኔማ ምኔም አይደለ» አለኝ። ከዚያ ይድን እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ። እንጭኒ ላይ አንዲት አስተማሪ ያመጣችውን ውሻ «የጎረቤት ነው» ብላ፣ መድኃኒት ስሰጠው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። እስቅባቸው ነበር።

አንድ ነገር ግን አያስቀኝም፤ የእብድ ውሻ በሽታ። እኔ በተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ። ሌላው ረዳት የበሽታውን ስም እየጠራ ሻዩን ሲጠጣ፣ እኔ እጄን ሁለቴ እታጠባለሁ። ዶክተር ግርማም ጭንቀቴን አልቀነሱልኝም። «ያበደ ውሻ ሁሉ እየሮጠ የሚናከስ እንዳይመስልህ» ይሉ ነበር። «ዝም ብሎ የሚያብድም አለ። መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት ተሰንቅሮበታል ይልሃል። ያን ጊዜ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ሥራ ከጀመርኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጋ ላይ፣ አዴ ጫልቱ ጥቁር ውሻቸውን በገመድ እየሳቡ መጡ። አዴ ጫልቱ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ሻይ ቤት ያላቸው፣ ቀልደኛ ሴት ናቸው። በከተማው ውስጥ ውሻቸውን በግልጽ ይዘው የሚመጡ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስሙ ጉራቻ ነው፣ ጥቁሩ ማለት ነው።

«ማሎ፣ እባክህ ሐኪም፣ አጥንት ተሰንቅሮበታል፤ አውጣልኝ» አሉኝ ገና ከበሩ።

ጉራቻን አየሁት። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። ለሃጩ እስከ መሬት ይንጠባጠባል። ሊጮህ ሞከረ፤ የወጣው ድምፅ የእሱ አልነበረም። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ገመዱን እዚያ እንጨት ላይ ይሰሩትና ይራቁ» አልኳቸው። ቃሌ ሳይጠነክርባቸው አልቀረም፣ ደነገጡ። «ማንን ነከሰ?»

«ጉራቻ? ማንንም!»

«አፉን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም። ባለቤቴ ነው አጥንት ነው ያለኝ። እኔ ገበያ ነበርኩ።»

እጃቸውን ዘርግተው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ጭረት እንኳ የለበትም። ያም ሆኖ በሳሙና አስታጠብኳቸው። ጉራቻን ለብቻ ባለ በረት ዘጋንበት። ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና «ጓድ፣ ጭንቅላቱን ብዬ ልገላግለው» አለኝ። የምንፈልገው ጭንቅላቱን ነው፤ አንጎሉ ካልተመረመረ በሽታው አይታወቅም። ዶክተር ግርማ በትህትና አሰናበቱት።

በማግስቱ ወደ ባለቤትየው ሄድኩ። ኦቦ ቶሎሳ በአምቦ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸው እንደነጣ፣ ንግግራቸው እንደተመዘነ ነው የሚውሉት። ሚስታቸው በበኩር ልጃቸው ስም «አባ ገመቹ» ይሏቸዋል። ውሻ አይወዱም ይባላል። «ጫልቱ ልጆቹ ሲሄዱባት ውሻ ወለደች» እያሉ በሰው ፊት ይተርቧቸው ነበር።

«ኦቦ፣ አጥንት እንደሆነ በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ድሮም አጥንት ይወዳል።»

«አፉን አልከፈቱትም?»

«እኔ?» ብለው ሳቁ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔና ውሻ ምንና ምን ነን? የሷ ነው።» እጃቸው ጋቢ ውስጥ ነበር። የሽማግሌ እጅ ከጋቢ አስወጥቶ ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም።

ጉራቻ ብዙ አልቆየም፤ ሞተ። ጓንትና ሽርጥ ለብሰን ጭንቅላቱን ቆረጥን። ከሆቴል በረዶ ለምነን፣ በቆርቆሮ ዕቃ አሽገን አዲስ አበባ ላክን። መልሱ በስልክ መጣ። ዶክተር ግርማ መነጋገሪያውን አስቀመጡና ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ ነቀነቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ማንም አልተነከሰም፣ ማንም አልነካውም ይላሉ። ግን አፉን ሳይከፍት፣ አጥንት ነው ብሎ እንዲያ በእርግጠኝነት የሚናገር ማን ነው? ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። የሚያድነው ክትባት ነው፣ ያውም ቶሎ ከተወጉት። ክትባቱ ደግሞ ያኔ ያለው አዲስ አበባ ነው። አዴ ጫልቱን ሂዱና ተወጉ አልኳቸው። «አባ ገመቹ ደህና ነሽ፣ ምን ሆነሽ ብሎኛል» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ አንድ ባለ ብዙ ዘመድ ሰው ሞተ። እኔም ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው። ኦቦ ቶሎሳ አልመጡም። በቀብሩም የሉም፣ በሰልስቱም የሉም። ሟች የአክስታቸው ልጅ ነው። «ምን አስቀይመናቸው ነው?» ይላል አንዱ። «ታመው ይሆናል» ይላል ሌላው። «ምን ታመው! ትናንት ወንዙ ዳር ድረስ መጥተው፣ ድልድዩን አይተው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ» አለ ሦስተኛው።

የያዝኩትን ንፍሮ አስቀመጥኩ። በአገሩ የእብድ ውሻ መድኃኒት የሚሰጡ አዋቂዎች አሉ። የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ በሽታው ይነሳል ይባላል። አስታራቂ ሽማግሌ የአክስቱ ልጅ ቀብር ላይ የሚቀርበት ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

ከድንኳኑ ወጥቼ ድልድዩን በሩጫ ተሻገርኩ። ኦቦ ቶሎሳን አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። አዴ ጫልቱ ከሻይ ቤት ገና መግባታቸው ነው።

«ኦቦ፣ ለቅሶ ቀሩ አሉ።»

«እግሬን ቁርጥማት ይዞኝ።»

«ቁርጥማት የያዘው ሰው አጥር ላይ ምን ይሠራል?» አልኩ። ድፍረቴን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። «መድኃኒት ጠጥተዋል አይደል?»

የሚያስሩትን እንጨት ለቀቁት። አዴ ጫልቱ «የምን መድኃኒት?» አሉ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያሉ። «አባ ገመቹ፣ የምን መድኃኒት?»

ኦቦ ቶሎሳ ከአጥሩ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉት። ጠቋሚ ጣታቸው ላይ የዳነ ጭረት አለ።

«አልነከሰኝም» አሉ። «ጉራቻ እኔን አይነክስም። አልዋጥለት ሲለው አሳዘነኝ። እጄን እስከ ጉሮሮው ሰድጄ አጥንቱን ፈለግሁ። የለም። ሳወጣው ጥርሱ ጫረኝ።»

«አንተ?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ያንን ውሻ ከደጅ አባርሪልኝ የምትለው አንተ?»

«ጠዋት ጠዋት አንቺ ሻይ ቤት ስትሄጂ ማን የሚያበላው መሰለሽ?»

የዚያን ቀን ፍርሃቴን መቼም አልረሳውም። ቀኑ እየሄደ ነው። በሽታው በዚያች ጣት ገብቶ ወደ ላይ እየተጓዘ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። መድኃኒታቸው ዋጋ የለውም ብዬ ብናገር በሩን ይዘጉብኛል፤ ዝም ብል ይሞታሉ። «መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ክትባቱ ይጨመርበት» አልኳቸው።

«ክትባቱ የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«እስከ አዲስ አበባ ስንት ወንዝ አለ?» አሉ። «የአክስቴን ልጅ ሳልቀብር የቀረሁት ለዚህ አይደለም ወይ? ተሻግሬ ልሙት?»

ለመንኩ፣ አስረዳሁ፣ ሌሎች ሰዎች ተወግተው መዳናቸውን ነገርኳቸው። ኦቦ ቶሎሳ ስንት የደም ጠበኞችን ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ በክርክር የሚችላቸው የለም። ለእያንዳንዱ ቃሌ መልስ ነበራቸው። አፌ ደረቀ፤ ተስፋ ቆረጥኩ።

አዴ ጫልቱ ባላቸው ፊት ሄደው ቆሙ። ማልቀስ ጀምረዋል።

«አባ ገመቹ» አሉ። «ለውሻ ብለህ እጅህን አፉ ውስጥ ከተትክ። ለእኔ ብለህ ወንዝ አትሻገርም?»

ኦቦ ቶሎሳ ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ተኝተው ሊቀሩ ነው ብዬ ነበር። ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ዶክተር ግርማ «አብረሃቸው ሂድ፤ ጊንጪ ላይ ወርደው እንዳይመለሱ» አሉኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ከባልና ሚስቱ ኋላ ተቀመጥኩ። ድልድይ ላይ በደረስን ቁጥር ኦቦ ቶሎሳ ዓይናቸውን ይጨፍኑና የሚስታቸውን እጅ ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። ከተሻገርን በኋላ ቀስ ብለው ይገልጣሉ፣ መኖራቸውን ለማረጋገጥ ይመስላል። እኔም ከኋላ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ሐኪም ቤት ያለችው ነርስ ጭረቱ መቼ እንደሆነ ስትሰማ «ለምን እስከ ዛሬ ቆያችሁ?» አለች። ያቺ ጥያቄ ወራት አሳደደችኝ። ገመዱን ይዘው ስለነበር አዴ ጫልቱም ተወጉ። መርፌው ሆድ ላይ ነው፣ በየቀኑ ነው። አዴ ጫልቱ እንዳላማረሩና ኦቦ ቶሎሳ ግን ሐኪም ቤቱን እንዳስጨነቁ በኋላ ሰማሁ።

በሽታው ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከተመለሱም በኋላ አላረፍኩም። ይህ በሽታ የተነሳበት ሰው ውሃ ይፈራል። ኦቦ ቶሎሳን ባገኘኋቸው ቁጥር ሰላምታ አስቀድሜ ዓይኔ ጉሮሯቸው ላይ ነው። ሻይ ቤት ስገባ ብርጭቆአቸውን ከፍ አድርገው «ና እይ፣ ሐኪም፣ እየጠጣሁ ነው» ይሉኝ ነበር። ሰው ይስቃል። እኔ ግን እስኪውጡት እጠብቃለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ነው ማየት የተውኩት። እሳቸውም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ።

እኛ ረዳቶች ሁሉ የታመመ ውሻ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማንን ነከሰ?» ብለን ነበር። ከኦቦ ቶሎሳ ወዲህ እኔ እንደዚያ አልጀምርም። የተነከሰ ሰው ራሱ ይጮሃል፤ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። በሥራው ላይ ላላችሁ ልጆች የምነግራችሁ ይኸንን ነው። «ማን ነው የሚያበላው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ የዚያን ሰው እጅ እዩ።