የአራሷ ደብዳቤ

አገሩ ሁሉ «አያ ፖስታ» ይላቸው ነበር። በወጣትነታቸው የፖስታ ከረጢት ተሸክመው ከደብረ ታቦር ይፋግ፣ ከይፋግ ጎንደር በእግራቸው ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ኋላም ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጠው ደብዳቤ አድለዋል። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጉልበታቸው እንቢ አለና ጡረታ ወጡ። የዚያን ጊዜ ጡረታ ማለት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ ነው።

እኔ ዛሬ የምኖረው ጅማ ነው። ከልጆቼ ደብረ ታቦርን ያየ የለም። ስለ እኒህ ሰው ሲጠይቁኝ ደግነታቸውን እነግራቸውና እዚያው ላይ አቆማለሁ። የቀረውን ግን ሳልጽፈው ብሞት ኅሊናዬ አይፈቅድም።

ወንዶቹ ዱር ከገቡ በኋላ ደብዳቤ የሚመጣው በገበያተኛ ሴቶች መቀነት ተጠቅልሎ ነበር። ፖስታ ቤቱን ጣሊያን ይዞታል፤ እዚያ የገባ ወረቀት ተከፍቶ ይነበባል። ስለዚህ ሴቶቹ ከአንበሳሜ ገበያ ያመጡትን ለባለቤቱ ይሰጣሉ፣ ባለቤቱም ወደ አያ ደጃፍ ይሄዳል። ማንበብ የሚችል ቄስና ደብተራ ሞልቶ ሳለ ሰው እሳቸውን የሚመርጥበት ምክንያት ነበረው። አያ የሰው ደብዳቤ ቀድመው በዓይናቸው አያዩም። ባለቤቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ የታጠፈውን በገዛ እጁ እንዲፈታ አድርገው፣ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው ጮክ ብለው ያነባሉ። «ወረቀቱ ያንቺ ነው፤ ካንቺ ቀድሜ ምን ላውቅ ነው?» ይላሉ። አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። አንድ ጊዜ ለጎረቤታችን «ከአንቺ ይልቅ በቅሎዬ ናፈቀችኝ» የሚል ከባሏ ቢመጣላት ሳይዘሉ አነበቡላት። እሷም «እስቲ ይድገሙት አያ፣ በቅሎዪቱም ትስማ!» ብላ ሰፈሩን በሳቅ ገደለችው።

እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሴት ልጅ ማንበብ ምን ይሠራላታል?» ሲሏቸው «የራሷን ወረቀት ታነባለቻ!» ይሉ ነበር።

አባቴ ዱር በገባ በሰባተኛው ወር እናቴ እህቴን ወለደች። እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። በተወለደች በአሥረኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። አራስ ከቤት አትወጣምና አያ በከዘራቸው እያዘገሙ እኛ ዘንድ መጡ። እናቴ መደቡ ላይ እንደተኛች ወረቀቱን ፈትታ ሰጠቻቸው።

«ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ብለው ጀመሩና ንባቡን አቆሙ። ዓይናቸው ግን አላረፈም፤ ብቻውን ወደ ታች ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ሳሉ፤ ውኃም ለመኑኝ።

«ምን ይላል አያ?» አለች እናቴ።

«ደኅና ነኝ ይላል።»

«ሌላስ?»

«ብርዱ… የጉና ብርድ ከብዶናል ይላል።»

እናቴ ሳቀች። «እሱ እሳት ዳር ተቀምጦም ይበርደዋል! ሴት ልጅ መውለዴንስ ሰምቷል?»

«ሰምቷል። ደስ ብሎታል።»

ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «ፍተሻ አለ፤ እኔ ዘንድ ይሰንብት» ብለው ወጡ።

እናቴ ወር ሲሞላት ገብስ ቆላች። ፊቷ በርቶ፣ እየዘፈነች በሶ ፈጨች። ለገበያተኛ አስይዘው ወደ አባቴ እንዲልኩላት ለአያ ሰጠቻቸው። ተቀበሏት።

እህቴ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። አያ፣ የነፍስ አባታችንና የአባቴ ወንድሞች ተሰልፈው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ዘመድ ምን ይዞ እንደሚመጣ በኛ አገር የማያውቅ የለም። እናቴ አንዳች ነገር ሳይነግሯት እመሬት ወደቀች።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶተኛው እንደተቀመጠ፣ «መቼ ነው የሰማችሁት?» ብላ ጠየቀች። አያ አልዋሹም። ያንን ደብዳቤ ከደረታቸው አውጥተው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው አነበቡት። የጻፈው የአባቴ ጓደኛ ነው። አባቴ በጥይት መውደቁን፣ ያለ ቄስ መቀበሩን፣ የሞተበትንም ቀን ይናገራል፤ በመጨረሻም «ፍትሐቱን በአርባው ቀን እናንተ አድርሱለት» ይላል።

እናቴ በጣቶቿ ቆጠረች። «አርባው አለፈ እኮ አያ!»

«ልጄ፣ አራስ መርዶ አይነገራትም። ወተቷ ይነጥፋል፣ ሕፃኗም ትጎዳለች አልሁ። ፍትሐት ባስደርግ ደግሞ ስሙ ቤተ ክርስቲያን ሲጠራ ያንኑ ቀን ትሰሚያለሽ። በሶውን በአርባው ቀን ለነዳያን በስሙ ሰጠሁት።»

«ያን በሶ እየዘፈንሁ ነው የፈጨሁት» አለች እናቴ። ከዚያ በኋላ ለእሳቸው ቃል አልተነፈሰችም።

ፍትሐቱ ዘግይቶም ቢሆን ተደረገ። ወሬው ግን ከለቅሶው ቤት ወጥቶ በየቤቱ ገባ፤ አያ ያልተጻፈ አነበቡ ተባለ። ባሏ ወይም ልጇ ዱር የገባባት ሁሉ ደጃፋቸውን አጨናነቀች።

«የኔስ ሰውዬ እውነት ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው ልጄ። ያነበብሁልሽ ሁሉ እውነት ነው።»

«ለእሷም እንዲሁ ነበር ያሏት!»

 ልጅሽ ደኅና ነው ብለው ያነበቡላት አንዲት እናት መርዶ ሳይመጣላት ጥቁር ለበሰች። ሌሎቹ ወረቀታቸውን ወደ ደብተራው ይወስዱ ጀመር። አያ ፀሐያቸውን ብቻቸውን ሞቁ።

ከሴቶቹ ሦስቱ ከቤታቸው ክዳን ሣር ውስጥ የሸሸጉትን ደብዳቤ ይዘው ወደ እኔ መጡ። በጣቴ እየተከተልሁ፣ ፊደል በፊደል አነበብሁላቸው። ሦስቱም አያ እንዳነበቡት ነው፤ የተጨመረ የለ፣ የተቀነሰ የለ። አንዷ ግንባሬን ሳመችኝና «ሄደሽ ለአያ ንገሪያቸው እንጂ፤ እኔስ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለችኝ። ለእናቴ ብነግራት «እዚያ ሰውዬ ደጅ እንዳትደርሺ!» አለች።

አልደረስሁም። አንድ ቀን ውኃ ቀድቼ ስመለስ አያን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ፊደሉ አልጠፋሽም?»

«አልጠፋኝም አያ» አልሁና አለፍኋቸው።

በዚያው ክረምት ሞቱ። ጣሊያን ገና አልወጣም ነበር። የሦስቱን ደብዳቤ ነገር ሳልነግራቸው ማለፌን ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ የእናቴን ትእዛዝ ማክበሬ ነው ብዬ ነበር፤ እሳቸውም ለልጅነቴ አዝነው ቀለል ያለ ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱን ጨርሻለሁ። ነገር ግን እናቴ የከለከለችኝ ደጃቸውን ነው። መንገዱን አልከለከለችኝም።